ቡርሳ ትርፍ አካል አይደለችም፦ ስለ ሆርሞንና ስለ ዶሮ በሽታ የመከላከል አቅም ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

በደሴና በኮምቦልቻ ዶሮ አርቢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚነበብ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ሆርሞንና ስለ ዶሮ በሽታ የመከላከል አቅም የሚያትት ሲሆን ባጭሩ አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ዶሮ እንደ ሰው በመቅኔዋ ውስጥ የመከላከያ ሴል ስለምታመርት ከፊንጢጣዋ በላይ ያለችው ቡርሳ ትርፍ አካል ናት፤ ሆርሞንም የመራቢያ ጉዳይ እንጂ ከበሽታ መከላከል ጋር አይገናኝም። ሁለተኛ፣ አውራ ዶሮን ለበሽታ የሚዳርገው የወንድ ሆርሞኑ ነው፤ ሴቷን ይህ አይነካትም። ሦስተኛ፣ መንጋው መጨነቁን ለማወቅ ጥቂት ዶሮ ላቦራቶሪ ወስዶ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ማስለካት ይበቃል። አራተኛ፣ በክትባት ቀን ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ መድኃኒት በመጠጥ ውሃ ቢሰጥ ጫጩቶቹ አይጨነቁም፣ ክትባቱም በደንብ ይይዛል። አምስተኛ፣ የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ የሚታመመው መኖው ውስጥ ሆርሞን ስላለ ነው።

አራተኛው ምክር ጫጩት የሚያስጨርስ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሌሎቹም ቢሆኑ ለእሱ መንገድ የሚጠርጉ ናቸው። ቡርሳ ትርፍ ናት ብሎ ያመነ አርቢ፣ ቡርሳን የሚያቀልጥ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ሲጨምር ምንም አይሰማውም። ጽሑፉ በሁሉም ነጥቦቹ ላይ የሳተው አንድ ነገር ነው፦ ስቴሮይድ የሚባለው የሆርሞን ወገን (የመራቢያና የጭንቀት ሆርሞኖች ያሉበት) በደፈናው ጎጂ ወይም ጠቃሚ አይባልም። ያው ሆርሞን በየትኛው ዕድሜ መጣ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ የትኛው አካል ላይ አረፈ የሚለው ነው ውጤቱን የሚለየው።

ከቡርሳ እንጀምር። ቡርሳ ከአንጀቱ መጨረሻ ጀርባ፣ ከፊንጢጣው በላይ የተቀመጠች ኪስ መሰል አካል ናት። ያለችው በአእዋፍ ብቻ ነው፤ ሰውም ሆነ በግ የላቸውም። በጽሑፍ የገለጻት በጣሊያን ፓዱዋ ያስተምር የነበረው ፋብሪሲየስ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1621 ነበር። ከዚያ በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ሥራዋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ግሊክ ቡርሳቸውን ቀዶ ያወጣላቸውን ዶሮዎች ቲሞቲ ቻንግ ለክፍል ማስተማሪያ ወስዶ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ አንቲጂን፣ ማለትም የመከላከያ ምላሽ የሚቀሰቅስ ነገር፣ ወጋቸው። አብዛኞቹ አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርምን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ አላመረቱም። ሁለቱ ከጆርጅ ጃፕ ጋር ሆነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ማክስ ኩፐር፣ ሬይመንድ ፒተርሰንና ሮበርት ጉድ በዶሮ ሁለት የተለያዩ የመከላከያ መስመሮች እንዳሉ አሳዩ፦ አንቲቦዲ የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ከቡርሳ፣ በጀርም የተያዙ ሴሎችን የሚዋጉት የቲ ሴሎች መስመር ደግሞ በአንገቷ ግራና ቀኝ በደም ሥሩ ጎን ከተደረደሩት የታይመስ ክፋዮች። የሰውንም የመከላከያ ሥርዓት ዛሬ በሁለት ከፍለን የምናየው ከዶሮ በተገኘው በዚህ ዕውቀት ነው። ስለዚህ «ትርፍ አካል» የሚለው አባባል የዛሬ 70 ዓመት የቀረ ነው።

ጸሐፊው የሳቱት ትልቁ ነገር ግን የሆርሞኑ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜየር፣ ራኦና አስፒናል 19-ኖርቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ዓይነት ገና በመፈልፈል ላይ ባለ ዕንቁላል ውስጥ በ5ኛው ቀን ሲወጉ ቡርሳ ሳታድግ ቀረች። ቀጥሎ የመጡት ተመራማሪዎች መርፌም አላስፈለጋቸውም፤ ዕንቁላሉን በ3ኛው ቀን በቴስቶስቴሮን ውህድ ነክረው በማውጣት ብቻ ያንኑ ውጤት አገኙ። ያለ ቀዶ ጥገና፣ በስቴሮይድ ብቻ፣ አንቲቦዲ የማታመርት ጫጩት ተፈለፈለች ማለት ነው። ሆርሞን ከበሽታ መከላከል ጋር አይገናኝም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ለምን በ3ኛውና በ5ኛው ቀን? የቡርሳ ቡቃያ በጽንሱ ላይ ብቅ የምትለው በ4ኛውና በ5ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከ8ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከጽንሱ ደም የሚመጡ እናት ሴሎች ወደ ቡርሳ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ በግድግዳዋ ላይ ጓዳዎች መፈጠር ይጀምራሉ፤ ቁጥራቸው በመጨረሻ ወደ 10,000 ይደርሳል። ወደ እያንዳንዱ ጓዳ የሚገቡት እናት ሴሎች ከጣት ቁጥር የማይበልጡ ናቸው፤ ሺዎቹ የሚራቡት ከእነሱ ነው። ቴስቶስቴሮን አስቀድሞ የሚነካው ሴሎቹን የሚያስተናግደውን ግድግዳ ነው፤ ማረፊያው ሳይዘጋጅ ሲቀር የሚመጡት ሴሎች የሚገቡበት ያጣሉ። ሆርሞኑ ቀደም ብሎ ከደረሰ ቡርሳ ከነጭራሹ አትበቅልም፤ ዘግይቶ ከደረሰ ትንሽና የተጎዳች ትሆናለች። ጫጩቷ በ21ኛው ቀን ስትፈለፈል ደግሞ የተወሰኑ ቢ ሴሎች ከቡርሳ ወጥተው ወደ ጣፊያና ወደ አንጀት መሠራጨት ጀምረዋል። ቡርሳን ከተፈለፈለች በኋላ ማውጣት ጉዳቱ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። እነ ኩፐርም እ.ኤ.አ. በ1965 ሙሉ ውጤት ለማየት ከቀዶ ጥገናው ጋር ጨረር መጨመር ነበረባቸው።

የመቅኔው ነገር በግማሹ ልክ ነው። አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሴሎች አድገው ከሚቀመጡባቸው ቦታዎች አንዱ የዶሮ መቅኔ ነው። የተሠሩበት ቦታ ግን እሱ አይደለም። በሰው መቅኔ ዕድሜ ልክ አዳዲስ ቢ ሴል ይወጣል፤ በዶሮ ግን እናት ሴሎቹ ወደ ቡርሳ የሚገቡት በጽንስነት በዚያች የተወሰነች ጊዜ ነው። ከዚያም ሌላ ልዩነት አለ። ሰው ብዙ የጂን ቁርጥራጮችን እያቀያየረ አንቲቦዲውን ያበዛል፤ ዶሮ ቀላል ሰንሰለት ለሚባለው የአንቲቦዲው ክፍል የምትጠቀምበት የሚሠራ ጂን አንድ ብቻ ነው። ከጎኑ ያሉት 25 ገደማ የሞቱ (ብቻቸውን የማይሠሩ) ጂኖች በቁርጥራጭ እየተገለበጡ ወደዚህ አንድ ጂን ይገባሉ፤ ይህ ሥራ የሚከናወነውም በቡርሳ ውስጥ ነው። ገና በጽንስነታቸው፣ በ60 ሰዓት ዕድሜያቸው ቡርሳ እንዳይኖራቸው የተደረጉ ጫጩቶች ጥቂት አንቲቦዲ ሲያመርቱ ታይቷል። ዓይነቱ ግን የተወሰነ ነው፤ ለመጣው በሽታ ሁሉ የሚለይ መልስ መስጠት ይሳነዋል።

በወሎ ዕንቁላል በሆርሞን የሚነክር የለም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለአርቢው ምን ያደርግለታል? ጫጩቱ በእጃችን ሲገባ ይህ ግንባታ አላለቀም። ቡርሳ ትልቁ መጠኗ ላይ የምትደርሰው በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት መካከል ነው፤ ዶሮዋ ለመጣል ስትደርስ ግን እየሟሸሸች ትሄዳለች። ከሚራቡት ሴሎች 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እዚያው ሞተው ይቀራሉ፤ የሚወጡት ጥቂቶቹ ናቸው ለቀሪው ዕድሜ የሚያገለግሉት። በ3ኛው ሳምንት የጠፋ ጓዳ በ20ኛው ሳምንት አይተካም።

ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል። ሆርሞን ከበሽታ መከላከል ጋር ካልተገናኘ የወንድ ሆርሞን እንዴት አውራውን ለበሽታ ይዳርጋል? ሐሳቡ መነሻ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ፎልስታድና ካርተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የወንድ ማራኪ ገጽታ የሚገዛው በመከላከያ አቅም ዋጋ ነው የሚል መላምት አቅርበው ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት በድንቢጥና በሌሎች ወፎች ሲፈተን ውጤቱ የተደባለቀ ሆነ። ጥናቶቹ በአንድ ላይ ሲመዘኑ ለመላምቱ የሚሰጡት ድጋፍ ደካማ ነው። ቴስቶስቴሮን የተሰጣቸው ወንድ ድንቢጦች ላይ ኮርቲኮስቴሮንም አብሮ ከፍ ብሎ በመገኘቱ የተቆጠረው ጉዳት በከፊል የጭንቀት ሆርሞኑ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። በጽንስ ላይ በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ ቡርሳን የሚያጠፋው ሆርሞንና በአደገ አውራ ደም ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ሆርሞን በስም ቢመሳሰሉም የሚሠሩት ነገር ለየቅል ነው።

ሴቷ አትነካም የሚለው ግን ኪስ ባዶ የሚያስቀር ስህተት ነው። ቄብ ለመጣል ስትደርስ የሴት ሆርሞኖቿ ከፍ ይላሉ፤ በዚያው ወቅት የቲ ሴሎቿ ምላሽ ይወርዳል። ሳልሞኔላ ፑሎረም በተባለው ባክቴሪያ በተያዙ ዶሮዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በጣፊያ ውስጥ ተደብቆ የቆየው ጀርም ቄቦቹ ለአቅመ ዕንቁላል ሲደርሱ ቁጥሩ ጨምሮ ወደ ዕንቁላል ማፍሪያው ወረደ። በአውራዎቹ ላይ ይህ አልታየም። ስለዚህ ቦቫንስም ሆነ ሳሶ የተባለው የፈረንጅ ዝርያ ያለው አርቢ ከ16ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ድረስ ቄቦቹን ከቤት ቤት ማዘዋወር፣ መኖ በድንገት መቀየር፣ ከሌላ ቦታ ከመጡ ዶሮዎች ጋር መቀላቀል የለበትም። የሚሰጥ ክትባት ካለ ከዚህ ቀደም ብሎ ይለቅ። ፑሎረም ያለባትን ዶሮ ደግሞ ዕንቁላሏን ለማስፈልፈል መጠቀም በሽታውን ለጫጩቶቿ ማውረስ ነው።

ሦስተኛው፣ የኮርቲሶል ልኬት። በዶሮ ደም ውስጥ የሚዞረው ዋናው የጭንቀት ስቴሮይድ ኮርቲኮስቴሮን ነው፤ የሰውን ኮርቲሶል ለመለካት የተዘጋጀ ኪት እሱን በትክክል አይለካውም። አንድ ነገር ግን ለሚዛናዊነት መባል አለበት። ኮርቲሶል በወፍ ውስጥ ከነአካቴው የለም ማለትም ስህተት ነው። የዶሮ ቡርሳና ታይመስ ራሳቸው ግሉኮኮርቲኮይድ (ኮርቲሶልና ኮርቲኮስቴሮን ያሉበትን የስቴሮይድ ወገን) ማምረት እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2001 ታይቷል፤ የሜዳ አህያ ፊንች በተባለች ትንሽ ወፍ ጫጩቶችም እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ ልኬት በእነዚህ አካላት ውስጥ ያለው ኮርቲሶል በደማቸው ካለው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አካሎቹ በገዛ ግቢያቸው የሚያመርቱት ይህ ጥቂት ስቴሮይድ ሴሎቹን ለመለየት የሚያገለግል ይመስላል፤ ስቴሮይድን ሁሉ መርዝ ማለት የማይገባው ለዚህም ጭምር ነው። በደም ተለክቶ ስለ መንጋው የሚነግረን ግን ኮርቲኮስቴሮን ነው።

እሱም ቢሆን በተባለው መንገድ አይለካም። ዶሮ በእጅ ከተያዘች 3 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ኮርቲኮስቴሮኗ መውጣት ይጀምራል። ከደሴ በካርቶን ተጭና፣ ቁልቁለቱን ስትንገጫገጭ ወርዳ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ የደረሰች ዶሮ ደሟ የሚናገረው የመንገዱን ጭንቀት ነው፤ የዶሮ ቤቱ ሁኔታ በዚያ ተሸፍኗል። ለአርቢው የሚሻለው የደም ቅብ ነው። ከክንፉ ሥር ካለው ደም ሥር አንዲት ጠብታ ይወሰድና በስላይድ ላይ ስስ አድርጎ ይሳባል፤ በአየር ይደርቃል፣ በሜታኖል ይጸናል፣ ጊምሳ በተባለ ቀለም ይቀለማል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ በዘይት ሌንስ 100 ነጭ ሴል እየተቆጠረ ሄትሮፊሉ ለሊምፎሳይቱ ይካፈላል። ሄትሮፊል ማለት ኒውክለሱ የተከፋፈለ፣ ውስጡ ብርቱካንማ ቀይ የሆኑ ዘንግ መሰል ቅንጣቶች የሞሉበት ሴል ነው። ሊምፎሳይት ክብ ኒውክለስና ዙሪያውን ሰማያዊ ጠርዝ አለው። ጀማሪ ቆጣሪ የሚሳሳተው በትሮምቦሳይት ነው፦ ትንሽ ሊምፎሳይት ይመስላል፣ ነገር ግን ሞላላ ነው፣ ዙሪያው የጠራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትናንሽ ቀይ ነጥቦች ይታዩበታል። እሱን ከሊምፎሳይት ጋር የቆጠረ ሰው የተጨነቀ መንጋ ደህና ነው ብሎ ይመለሳል።

ግሮስና ሲገል የተባሉ ተመራማሪዎች በዶሮ ላይ ያስቀመጡት መመሪያ 0.2 ዝቅተኛ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ከፍተኛ ጭንቀት ይላል። ይህ ቁጥር የሚቀየረው በሰዓታት እንጂ በደቂቃ ስላልሆነ ደም ለመቅዳት ሲያዝ የሚመጣው ድንጋጤ ያን ያህል አያበላሸውም። በሌላ በኩል ባክቴሪያ የገባበት መንጋም ሄትሮፊሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ታይቶ ጭንቀት ነው ከመባሉ በፊት የታመመ አለመኖሩ ይጣራ። ከአንድ ዶሮ ሳይሆን ከቤቱ የተለያየ ጥግ ከ10 ያላነሱ ዶሮዎች ይወሰድ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዴክሳሜታዞን። ጽሑፉ በክትባት ቀን ከመርፌው ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር በ20 ሊትር መጠጥ ውሃ እንዲጨመር ይመክራል። በብዛት የሚሸጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ያለው ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ግራም በ20 ሊትር፣ ማለትም በሊትር 1 ሚሊ ግራም ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዴክሳሜታዞን በአጥቢዎች መለኪያ ከኮርቲሶል ከ25 እጥፍ በላይ ይበረታል፤ ኮርቲኮስቴሮን ደግሞ ከኮርቲሶልም ደካማ ነው። ተመራማሪዎች የዶሮን ጭንቀት በሰው ሠራሽ መንገድ ለመፍጠር ሲፈልጉ በሊትር ውሃ 20 ሚሊ ግራም ኮርቲኮስቴሮን ይሰጣሉ። ይህን ሲጠጡ የሰነበቱ ዶሮዎች ሄትሮፊላቸው ይጨምራል፣ ሊምፎሳይታቸው ይወርዳል። በጽሑፉ የተመከረው መጠን ከዚህ የሚያንስ አይደለም፤ በጉልበት ሲመዘን ይበልጠዋል። ጭንቀት ይቀንሳል ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒት በሳይንስ ጭንቀትን ለመፍጠር የሚያገለግለው ራሱ ነው።

በሴሉ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ስቴሮይድ በስብ ስለሚሟሟ የሴሉን ሽፋን አልፎ ይገባል፤ ውስጥ የሚጠብቀውን ተቀባይ ይይዝና አብሮት ወደ ኒውክለስ ይሄዳል፤ እዚያ ጂኖችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለአደገ ጉበት ሴል ትርጉሙ ስኳር አምርት ነው። በታይመስ ውስጥ ላለ ገና ላልበሰለ ቲ ሴልና በቡርሳ ውስጥ ለሚራባ ቢ ሴል ግን ራስህን አጥፋ የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሴሉ ዲኤንኤውን ቆራርጦ ይሞታል። በብዛት የሚሞቱት ገና በመሠልጠን ላይ ያሉት ናቸው። የ3 ሳምንት ጫጩት ደግሞ ታይመሷም ቡርሳዋም የተሞሉት በእነዚህ ነው። ላሶታ የተባለው የፈንግል ክትባትም ሆነ ቡርሳን የሚያጠቃው የጉምቦሮ በሽታ ክትባት የሚሰጠው በዚሁ ዕድሜ ነው። የተፈጥሮ ኮርቲኮስቴሮን ጭንቀቱ ሲያልፍ ከደም ይጸዳል፤ ዴክሳሜታዞን ግን ሥራው ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይቆያል፤ ክትባቱ ጥሩ ምላሽ ለመቀስቀስ የሚፈልጋቸው የመጀመሪያ ቀናት በዚህ ያልፋሉ።

ታዲያ አርቢው ለምን የሠራ ይመስለዋል? ላሶታ ሕያው ቫይረስ ነው። ከተሰጠ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ጫጩቶቹ ትንሽ ያስነጥሳሉ፣ ፈዘዝ ይላሉ፤ ይህ ሰውነታቸው ለክትባቱ ምላሽ እየሰጠ ስለሆነ ነው። ዴክሳሜታዞን ትኩሳትና ብግነትን ስለሚያፍን ይህን ያስቀረዋል፤ ምግባቸውን ይበላሉ፣ ንቁ ይመስላሉ። ክትባቱ ሳያስቸግር ያዘ ይባላል። አንቲቦዲው ግን አልተሠራም ወይም ጥቂት ነው። ሕያው ቫይረሱ ራሱ የሚገታው ሲያጣ ከልክ በላይ ሊራባና ከባድ ምላሽ ሊያመጣ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ፈንግል ሲገባ መንጋው ያልቃል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ በክትባቱ፣ በሻጩ ወይም በማቀዝቀዣው ይላከካል። ከዚህ ጋር መጠኑን መቆጣጠር አለመቻሉ አለ፦ መርፌው ለከብትና ለፈረስ የተዘጋጀ ነው፤ በውሃ ሲሰጥ ጉልበተኛዋ ጫጩት ጠግባ ትጠጣለች፣ ደካማዋ ጥቂት ታገኛለች።

የክትባት ቀን ጭንቀት እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔው ግን አያያዝ ላይ ነው። ጫጩቶቹ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በመጡበት ቀን፣ መንቁር በሚቆረጥበት ቀን ወይም ቤት በሚቀየርበት ቀን ክትባት አይሰጥ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ። በደሴ የሌሊቱ ብርድ ብቻውን ኮርቲኮስቴሮን ለማውጣት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ላይ የሚለካው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፣ በየሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይቀነስ። ኮምቦልቻ ላይ በተቃራኒው የቀትሩ ሙቀት ነው የሚያስጨንቀው፤ ስለዚህ ክትባቱ በማለዳ ይሰጥ። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ውሃ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ብቻ ይከልከል፤ ከዚያ በላይ ማስጠማት ራሱ ጭንቀት ነው። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ቫይረሱን ይገድለዋል። በሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ይቀላቀልና 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ክትባቱ ከዚያ በኋላ ይግባ። መጠጫው በዕለቱ በበረኪና አይታጠብ። የቀረበው ውሃ በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ እንዲያልቅ ይሰላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጠጡ መጠጫ ይብዛ። ክትባቱ እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆይ።

አምስተኛው ነጥብ የፈረንጅ ዶሮ መኖ ውስጥ ሆርሞን አለ የሚለው ነው። ዲኢኤስ የተባለ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን በአሜሪካ በዶሮ አንገት ቆዳ ሥር ይቀበር የነበረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ታገደ። የዛሬው ዶሮ ፈጥኖ የሚያድገው በዝርያ ምርጫና በመኖ ሚዛን ነው። ከኮምቦልቻም ሆነ ከደሴ የሚገዛ መኖ ውስጥ ያለው በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተር፣ ኖራ፣ ጨው፣ ቫይታሚንና ላይሲን የመሳሰሉት ናቸው። የጸሐፊው ግምት ያረፈበት ቦታ ግን ባዶ አይደለም። መኖ ቡርሳንና ታይመስን ሊያሟሽሽ ይችላል፤ ጥፋተኛው ሻጋታ ነው። በእርጥብ በቆሎና በፋጉሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን ያመነጫል፤ እሱም ሆርሞን ሳይሆን የሆርሞን ያህል የመከላከያ አካላትን ይጎዳል። እህሉ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ሳይወርድ አይከማች፤ ጆንያው ከወለልና ከግድግዳ ተለይቶ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ የጠቆረና የተጋገረ ክፍል ተለይቶ ይጣል፣ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ አይፈጭ።

ስለዚህ ጫጩት ሲሞት መኖውን ወይም ክትባቱን ከመክሰስ በፊት ይከፈት። በ3 እና በ6 ሳምንት መካከል ያለች ጫጩት ሆዷ ከተከፈተ በኋላ አንጀቷ ወደ ጎን ይገፋና ከፊንጢጣው በላይ ቡርሳ ትፈለጋለች። በዚህ ዕድሜ በጤነኛ ጫጩት ቡርሳ ከጣፊያ የምትበልጥ፣ ነጣ ያለች፣ ሲቆርጧት ውስጧ ደህና የተሞሉ እጥፋቶች ያሉባት ናት። ጉምቦሮ ከሆነ በበሽታው በ3ኛው ቀን ላዩ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ይሸፍናታል፤ በ4ኛው ቀን ክብደቷ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በ5ኛው ቀን ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ በ8ኛው ቀን ወደ አንድ ሦስተኛ ትወርዳለች። አንዳንድ ጊዜ ውስጧ ደም ይታያል። ስለዚህ ዘግይታ የተከፈተች ትንሽ ቡርሳ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም። ስቴሮይድ ወይም ረጅም ጭንቀት ያሟሸሻት ቡርሳ እብጠትም ደምም ሳይታይባት ነው የምታንሰው፤ በአንገቱ ግራና ቀኝ ያሉት የታይመስ ክፋዮችም አብረው ይቀጥናሉ፤ እነሱን ሳያዩ መወሰን አይቻልም። አፍላቶክሲን ከሆነ ጉበቱ አብሮ ይገረጣል ወይም ያብጣል።

ለላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ከተለያዩ ጫጩቶች የተወሰዱ ቡርሳዎች ለሁለት ይከፈሉ። ግማሹ መጠኑ የቡርሳውን 10 እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባና በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ግማሹ ፎርማሊን ሳይነካው በበረዶ ሣጥን ለቫይረስ ምርመራ ይሂድ። ከናሙናው ጋር የጫጩቶቹ ዕድሜ፣ የተሰጠው ክትባትና ቀኑ፣ በውሃ የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። ዴክሳሜታዞን ተሰጥቶ ከሆነ ይህም ሳይደበቅ ይጻፍ፤ ያንን ያላወቀ መርማሪ የሟሸሸች ቡርሳ አይቶ ጉምቦሮ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል።